ከአባታችን የወረስነው

ሲድኒ፣ ሜይ 14 ቀን 1995

ውድ እህቴ ማቲልድ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ከደጃፍሽ ይድረስ። አንቺና ሙሽሪት ራንዳ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን። ሚስቴ ዋርዳ ትስምሻለች። ልጆቹም፣ ሚላድ ኳሱን፣ ማርሌን ትምህርቷን ይዘዋል።

ደብዳቤሽን ዋርዳ ሥራ ቦታዬ ድረስ አምጥታ አነበበችልኝ። የራንዳን መታጨት ስሰማ የቀለም ባልዲዬን አስቀምጬ እልል አልኩ። የቤቱ ባለቤት ከመሰላል የወደቅሁ መስሎት እየሮጠ መጣ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቀን ሳያይ ቀረ። አንድ ልጅ ብቻሽን አሳድገሽ ለዚህ ያበቃሽ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ምን ነክቶሻል እታለም? የሰው እህት ስለ ወንድሟ ሚስት ጠባይ ትጠይቃለች፤ አንቺ ስለ ተረከዜ ትጠይቂኛለሽ! አዎ፣ ከተረከዜ ከፍ ብሎ ያለው ጅማት አሁንም እንዳበጠ ነው። የሥራ ጫማዬ ያመጣው ነው፤ አያመኝም። ክርኔ ላይም ሽምብራ የምታህል ቢጫ ነገር ወጥታለች። ሲጋራውን ቀንሻለሁ ብዬ ልዋሽሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ? አዋርማውንም ዋርዳ ራሷ ጮማውን አቅልጣ፣ ሥጋውን ጠብሳ፣ እንደ እማማ አድርጋ ትሠራልኛለች። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታውቃለህ ወይ ላልሽው፣ የኤልያስ ልጅ ምን ቆርጦት ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? የእኛ ቤት ወንድ ቆሞ ይሠራል፣ ቆሞ ይሞታል። አባባ በአርባ ሁለት ዓመቱ ወይኑ ሥር ወደቀ፤ ወንድማችን ቡሎስ በሠላሳ ስምንቱ በሰው ሰርግ ላይ ዳብኬ ሲጨፍር ቀረ። «የነሱ ቤት ወንዶች ልባቸው ሰፊ ነው፣ ሰፊ ልብ ደግሞ ይፈነዳል» ይሉ አልነበር የመንደራችን ሰዎች? እኔ አርባ ስድስት ሞላኝ፤ ሁለቱንም በዕድሜ አልፌያቸዋለሁ። የእኔ ልብ ጠባብ ሳይሆን አይቀርም።

ደብዳቤሽን ከአገር ቤት ያመጣው ልጅ ከቤሩት የመጡ ሐኪሞች የመንደሩን ሰው ደም ሲቀዱ ነበር ብሎኛል። ምን ሊያደርጉበት ነው? ምን አገኙ? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ጣኑስ


ከፍር ሰኑባር፣ ኦገስት 27 ቀን 1995

ወንድሜ ጣኑስ፣ ቅበረኝ፤ ከአንተ በፊት ያስቀድመኝ።

መልሱን በማዘግየቴ አትቀየመኝ። በለስ የሚደርቅበት ወቅት ነው፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይጣበቃል።

ስለ ሐኪሞቹ ለጠየቅኸኝ፣ ለጥናት የመጡ ናቸው። ከየቤቱ ደም ቀዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ። ነገር የለውም። ስለ ተረከዝህ የጠየቅሁህም እንዲያው የቡሎስ ተረከዝ ትዝ ብሎኝ ነው።

ግን እባክህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አርባን ያለፈ ወንድ ሁሉ መታየት አለበት ሲሉ በሬድዮ ሰምቼ ነው። ደምህን ይዩልህ። በደምህ ውስጥ ስላለው ስብም ጠይቃቸው። ሲጋራውን ጣለው። ዋርዳንም አዋርማ መሥራት ትተው በላት፤ እህቴ ለምናሻለች ብለህ ንገራት።

የራንዳ እጮኛ የረምዚ እናት እትዬ አፊፋ ባለፈው እሑድ ከዛህሌ መጥታ ቤታችንን ከጣሪያ እስከ ወለል ስታየው ዋለች። ወይን ስትቀምስ ቆይታ ድንገት፣ «አባትሽ በምን ነበር የሞቱት?» አለችኝ።

«በሐዘን» አልኳት። «በዚያ ዓመት ወይኑን በረዶ መትቶት ነበር።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱ ደግሞ በደስታ፣ ሰርግ ላይ።»

ሳቀችና፣ «ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ? ሐዘኑም ደስታውም ይገድላል እንዴ?» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አመሸሁ።

ሰርጉ ለጃንዋሪ ተቆርጧል። ከሰርጉ በኋላ የምነግርህ ነገር አለኝ። አታስብ፣ የሚያጣድፍ አይደለም።

ለዋርዳ ሰላም በልልኝ። አክስቷ ዛህሌ ውስጥ ከአፊፋ ቤት ፊት ለፊት እንደምትኖር ገና አሁን ሰማሁ።

እህትህ ማቲልድ


ከፍር ሰኑባር፣ ማርች 22 ቀን 1996

ጣኑስዬ፣ ቅበረኝ።

ከሰርጉ በኋላ እነግርሃለሁ ያልኩህን ነገር ደጋግመህ ጠየቅኸኝ። የጣሪያው ነገር ነበር። ዝናብ ያስገባ ነበርና ላማክርህ አስቤ ነበር፤ አሁን ተሠርቷል። ተወው።

ሰርጉ አማረ። ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ዳብኬ ሲጨፍር ራንዳ በአንተ ስም ጨፈረች፤ «አጎቴ ከሲድኒ ይያዘኝ» ብላ አንድ እጇን ባዶውን ዘርግታ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አሁን ደግሞ ለብቻህ የምነግርህ የምሥራች አለኝ፤ ነፍሰ ጡር ናት። ሽምብራና የሎሚ ውኃ ብቻ ነው የሚስማማት።

ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ቆም ስል ይተወኛል ብለህ ጽፈህልኛል። ጣኑስ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳነበብክ ተነሥተህ ሂድ። ነገ አትበል። ለሥራ አትበል። ለምን እንዲህ እንደምለምንህ አትጠይቀኝ፤ ታላቅህ ነኝ፣ ታዘዘኝ።

ማቲልድ


ሲድኒ፣ ሜይ 19 ቀን 1996

እታለም ማቲልድ፣

ይህን የምትጽፍልኝ ማርሌን ናት፤ የአጻጻፏን ነገር ዶሮ እንደጫረው አድርገሽ ተቀበዪው። እኔ እጄ ገና አልበረታም።

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ከሦስት ሳምንት በላይ የደበቅሁሽ ነገር አለ። እንዴት ብዬ ሳላስደነግጥሽ እንደምነግርሽ ሳሰላስል ነው የቆየሁት።

የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ እየቀባሁ ክንዴ ከበደኝ። ብሩሹ ነው ብዬ ትንሹን ያዝኩ። እሱም ከበደኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው፤ እሱም ቀለም ያስፈልገዋል። ደረቴን ከፍተው፣ ከእግሬ የደም ሥር ወስደው፣ ለልቤ አዲስ መንገድ ሠርተውለታል። አሁን ተርፌያለሁ። አታልቅሺ።

ሐኪሙ ብርድ ልብሴን ገልጦ መጀመሪያ ያየው ምኔን መሰለሽ? ተረከዜን! «ከሊባኖስ ነህ?» አለኝ። «ጫማዬ ግን የዚሁ አገር ነው» አልኩት። አልሳቀም። ያ እብጠት ስብ ነው፣ የክርኔም እንደዚያው። ጉበት ከደም ውስጥ ስቡን እየለቀመ የሚያወጣባቸው እጆች አሉት፤ እኛ በግማሽ እጅ ነው የተወለድነው። ያልተለቀመው ስብ ከልጅነት ጀምሮ የልብን ሥር ይለስነዋል፣ እኔ ግድግዳ እንደምለስነው። ከቅድመ አያት ጀምሮ በተራራችን ስትወራረስ የኖረች አንዲት የዘረመል ስሕተት ናት አሉኝ። ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር። አባባን ወይኑ አልገደለውም፣ ቡሎስንም ጭፈራው አልገደለውም። ዛሬ ቢሆን ሕመማቸው በመድኃኒት ሊያዝ የሚችል ነበር።

የልጆቼን ደም አዩልኝ። ሚላድ ነጻ ወጣ። ማርሌን ወርሳለች። ይህንንም ራሷ ጻፈችው፤ አንድ ቃል ሳትሰርዝ።

እንግዲህ ክፉ ወሬ ነጋሪ በመሆኔ ይቅር በይኝ፣ አንቺም ተመርመሪ፣ ራንዳም ትመርመር። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ግን የመንደሩ ስልክ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው። አንቺ «ሃሎ» ሳትዪ ወሬው ዛህሌ ይደርሳል፣ የራንዳ አማቶች ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ደግሞስ አንቺ! ስለ ተረከዜ የጠየቅሽኝ፣ ተነሥተህ ሂድ ብለሽ የለመንሽኝ! ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ እያለ ነው የወደቅሁት። የእህት ልብ ነቢይ ነው ሲሉ አላምንም ነበር። አልሰማሁሽም እታለም፣ ይቅር በይኝ።

ጣኑስ
(አክስቴ፣ እኔ ማርሌንም እስምሻለሁ። በጣም ነው የሚወድሽ።)


ከፍር ሰኑባር፣ ጁን 20 ቀን 1996

ወንድሜ፣

እንደ ልማዴ «ቅበረኝ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ልቀብርህ የነበርኩት እኔ ነኝና።

ተርፈሃል። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ደብዳቤህን ተንበርክኬ ነው ያነበብኩት። «ይቅር በይኝ» ያልክበት ላይ ስደርስ ግን ማንበብ አቃተኝ። አንተ እኔን ይቅርታ ትጠይቃለህ!

ጣኑስ፣ የእህት ልብ ነቢይ አይደለም። አውቅ ነበር።

ዶክተር ሀያም የምትባል ወጣት ሐኪም የደሙን ውጤት ይዛ ቤቴ የመጣችው ያለፈው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። ራንዳ ዛህሌ ታስተምር ነበርና ብቻዬን ነበርኩ። አንተ የጻፍክልኝን ሁሉ በዚያን ቀን ነገረችኝ። እኔም አለብኝ፣ ራንዳም አለባት።

«ወንድም አለዎት?» አለችኝ።

«አንድ ቀርቶኛል፣ ሲድኒ ነው።»

«ይጻፉለት። ዛሬውኑ ይጻፉለት። ለእሱም ለልጆቹም።»

«እሺ» አልኳት።

«ለራንዳ እኔ ራሴ ልንገራት?»

«አይሆንም የኔ ልጅ፣ እኔ እናቷ አለሁ። እነግራታለሁ።» ስትወጣ ተከትያት ሄድኩና ክንዷን ያዝኩ። «ልጄን ሊጠይቋት በዚህ ሳምንት ይመጣሉ» አልኳት።

«እትዬ ማቲልድ፣ ይሄ ማግባት አይከለክልም እኮ።»

«አንቺ የዛህሌን እናቶች አታውቂያቸውም።»

ለራንዳ «ነጻ ነሽ» አልኳት። አንተ ዘንድ ለመጻፍ ስቀመጥ ደግሞ ዋርዳ ትታየኝ ነበር። ዋርዳ የሰማችውን አክስቷ ትሰማለች፣ አክስቷ የሰማችውን አፊፋ ትሰማለች፤ «ደማቸው የተበላሸ ነው» ተብሎ ልጄ ቤቴ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በጎን በጎኑ ጻፍኩልህ። ስለ ተረከዝህ፣ ስለ ሬድዮ። ከመታጨቱ በኋላ አልኩ፣ ከሰርጉ በኋላ አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ አረገዘች። ሁልጊዜ ከኋላው ሌላ በኋላ ነበረው።

ሌላም አለ፤ ካልነገርኩህ መናዘዝ አይሆንልኝም። ዶክተር ሀያም ለእኔ መድኃኒት ሰጥታኝ ነበር። አንተ መሰላል ላይ ስትወጣና ስትወርድ እኔ በየማታው መድኃኒቴን እየዋጥኩ እተኛ ነበር።

ሰበብ የለኝም። አባባ ሲሞት ጀርባዬ ላይ አዝዬህ ነው መቃብር የሄድኩት፤ አምስት ዓመትህ ነበር። ያን ጊዜ ላሳድግህ ለራሴ ቃል የገባሁ እኔ ነኝ። እንደ ፈለግህ ፍረድብኝ።

ማቲልድ


ከፍር ሰኑባር፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1996

ጣኑስ፣

አንዲት መስመር ብቻ ጻፍክልኝ፤ ሰላምታ የላት፣ ስም የላት። «ለራንዳ ነግረሻታል?» አልነገርኳትም ነበር። አሁን ነግሬያታለሁ።

በእመቤታችን ዕርገት በዓል ዛህሌ ወረድኩ። ራንዳ ሆዷ ገፍቶ፣ ከአፊፋ ጋር የወይን ቅጠል ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ለብቻሽ የምነግርሽ ነበረኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ ከአማቴ የምደብቀው ምን አለ? እዚሁ ንገሪኝ» አለች እየሳቀች።

ነገርኳት። ቅጠሉን እንደያዘች ቀረች።

«ነጻ ነሽ ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሳትታጪ።»

«አጎቴ ደረቴን ይጫነኛል ብሎ ሲጽፍልሽስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

የቀረውንም ነገርኳት፤ አባትም እናትም ካለባቸው ልጁ ድርብ ሊወርስ እንደሚችል፣ ድርብ የወረሰ ደግሞ ጢም ሳያበቅል ልቡ እንደሚታመም፣ ረምዚ ዛሬ ነገ ሳይል መመርመር እንዳለበት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

አፊፋ ትጮህብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።

«ወንድሜ ናሲፍ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው የሞተው» አለች።

ራንዳ ወደ እሷ ዞረች። «በጦርነቱ ነው የሞተው ብላችሁን አልነበር?»

«ጦርነቱማ ነበር። እሱ ግን የሞተው ቁርስ ላይ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ ቤት መጥቼ የሞቱትን ስቆጥርብሽ የዋልኩት ለምን ይመስልሻል? ስለ እኔ እንዳትጠይቂኝ ነው» አለችኝ።

ሁለት አሮጊቶች ተያይተን ቀረን። ራንዳ ተነሥታ ወጣች።

ረምዚ ተመርምሯል፤ የለበትም። ድርብ የሚባለው ቀርቷል። ራንዳ ራሷ መድኃኒቱን የምትጀምረው ወልዳ ጡት ካስጣለች በኋላ ነው። የረምዚን ውጤት የሰማሁ ዕለት ደስ ብሎኝ ሄድኩባት። በሩን ከፈተች፣ ግቢ ግን አላለችኝም። «ዕድል ነው ያዳነን እማዬ። አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። ልክ ናት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ አልጠራችኝምም።

ዶክተር ሀያም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ላይኞቹ መንደሮች ትወጣለች፤ አብሬያት እሄዳለሁ። በር የሚከፍቱልን እናቶች ልጆቻቸውን ሊድሩ የተቃረቡ ናቸው። ሐኪሟን ባይሰሙ እኔን ይሰሙ ይሆናል።

መልስ እንድትጽፍልኝ አልለምንህም። መድኃኒትህን እንዳትረሳ ብቻ።

ማቲልድ


ሲድኒ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1996

እታለም ማቲልድ፣

ከጁን ወዲህ ጽፌ ያልላክሁት ብዙ ነው። ዋርዳ እያነበበች ቀደደችው፤ «ይሄን ብትልክ ልብህ እንደገና ይቆማል» እያለች። እውነቷን ነው። ተናድጄብሽ ነበር። ክፉኛ። የደረቴን ጠባሳ በመስተዋት ባየሁ ቁጥር ስምሽን እጠራ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው።

ኒኮላ የሚባል ልጅ ማርሌንን ወዶ ወላጆቹን ይዞ መጣ። የሊባኖሷ ትሪፖሊ ተወላጆች ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች። አባትየው ከስቼ ስላየኝ፣ በልጄ ስም ጠርቶ «አቡ ሚላድ፣ ታመህ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ምን ነክቶህ ነው?» አለኝ።

«ከመሰላል ወድቄ ነው» አልኩት።

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላሰብኩትም። ከአፌ ወጣ። ስመልስ እንኳ አልተንተባተብኩም። ሰውዬው «ይማርህ» አለኝ፣ «አሜን» አልኩ፤ ደስም አለኝ። ብርጭቆ ላመጣ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ማርሌን ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ከየትኛው መሰላል?»

ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው ማውረድ ጀመርኩ።

«ደብዳቤውን እኮ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። አንተ ብትተወው እኔ እነግራቸዋለሁ። ግን ከአንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

ተመልሼ ገብቼ ነገርኳቸው። የእኔን፣ የአባባን፣ የቡሎስን፣ የእሷንም። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እናትየው ቦርሳዋን ከመሬት አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በጨዋነት ተሰናብተውን ሄዱ። ኒኮላ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ወላጆቹ ግን እስካሁን ድምፃቸውን አላሰሙም። ማርሌን አንድ ቀን አለቀሰች። «የሚሄድ ከአሁኑ ይሂድ» ብላ ሰኞ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺን ነው የማስበው። ያን ያህል ስፈርድብሽ ከርሜ፣ ውሸቱ ከእኔም አፍ እንደ ምራቅ ወጣ። ውሸቴ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለቆየ የተሻልኩ ሰው አይደለሁም። እኔ በር ላይ ማርሌን ቆማልኝ ነበር። አንቺ ዘንድ የቆመ ሰው አልነበረም።

ይቅር ብዬሻለሁ። ቶሎ ያላልኩሽ ስላልቻልኩ ነው።

ራንዳ ጽፋልኛለች። ወንድ ልጅ መውለዷን እንደ ሌላው ሰው ከሰው አፍ ሰምተሽ ይሆናል። ስሙን ፋሪስ ብለውታል። ተመርምሯል፤ ወርሷል፣ ነጠላውን። ዶክተር ሀያም ከሕፃንነቱ ጀምራ ትከታተለዋለች፤ አባባ ያላገኘውን፣ ቡሎስ ያላገኘውን ያገኛል። ራንዳ፣ «ማርሌን እንዴት ቻለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አንቺ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ከሦስት ገጽ ሁለቱን ስለ አንቺ ጻፍኩላት። ገና አልመለሰችልኝም።

የልጁ ክርስትና በኤፕሪል ነው። ሐኪሜ መንገዱን ፈቅዶልኛል። ቤሩት ስደርስ አንቺ ትቀበይኛለሽ፤ ተያይዘን ዛህሌ እንወርዳለን። ጠርታሽም ሆነ ሳትጠራሽ ትመጫለሽ፤ ታናሽሽ ብሆንም በዚህ አንድ ነገር ታዘዢኝ። በሩን ብትዘጋውም በሁለታችን ላይ ትዝጋው።

ወንድምሽ ጣኑስ